ኢንሺራህ እና የእናቷ ስለት

ኢንሺራህ አብደልራዲ እንግዳ ይዛ ወደ ሙዚየም ስትገባ መጀመሪያ የምታቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ "ዘበኛው ቢያንቀላፋ የትኛውን ሰርቀው ይወጣሉ?" ትላለች። እንግዳው ይደነግጣል፣ ቀጥሎ ይስቃል፣ ከዚያ ግን ሳያስበው ዓይኑ ወደ አንድ ዕቃ ይሄዳል። እሷም ጉብኝቱን የምትጀምረው ከዚያ ዕቃ ነው። ዶቃ ከሆነ ከዶቃው፣ ሬሳ ሳጥን ከሆነ ከሬሳ ሳጥኑ። "ሰው ሲያደንቅ ይዋሻል፣ ሲመኝ ግን አይዋሽም" ትለኛለች።

እኔ ሃራጊ እባላለሁ፤ ሚኒባስ ነጂ ነኝ። ከሉክሶር የሚመጡትን እንግዶች ጊርጋ ድረስ አድርሼ ለኢንሺራህ የማስረክበው እኔ ነኝ። አርባ ሰው አስከትላ ባንዲራ አታውለበልብም። የምትይዘው አንድ ቤተሰብ ወይም አንድ ባልና ሚስት ብቻ ነው። "ለአርባ ሰው የሚነገር ነገር የሰርግ ቤት ወሬ ነው፤ ማንም አይሰማውም" ትላለች። ሻዬን ይዤ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ፤ የሚከለክለኝም የለም። ያን ሁሉ ዓመት፣ ቀድሞ ሉክሶር አሁን ደግሞ ጊርጋ፣ አንድ ዓይነት ድንጋይ ስታስጎበኝ ሰምቼ አንድም ቀን አልሰለቸኝም። በወጣትነቴ ሽማግሌ ልኬባትም ነበር። "እሱን ካገባሁት ሚኒባሱን ማን ይነዳልኛል?" ብላ መለሰቻቸው። ሌላ አገባሁ፤ ሚኒባሱንም እስከ ዛሬ እነዳለሁ።

ወፍራም ሴት ናት። ይህን የምለው በሐሜት አይደለም፤ በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው። ድምፅዋም ከወንዙ ማዶ ይሰማል። ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ምላሷ ነው፤ ድንጋይ ላይ ያልተጻፈ ነገር ከአፏ አይወጣም። አንድ ጊዜ አንድ የካይሮ ሀብታም ሙሽራውን ይዞ መጣና አንዷን የአንገት ጌጥ "የንግሥት ናት በይልኝ" አላት በጆሮዋ።

"የዳቦ ጋጋሪ ሚስት ጌጥ ናት" አለች ኢንሺራህ፣ ያውም ጮክ ብላ።

"ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ለዳቦ ጋጋሪ ሚስት ነው?"

"እንኳን ደስ ያለዎት! ለንግሥቶቹማ የሚመጣው ሞልቷል። ለዚች ምስኪን ከሞተች ጀምሮ የመጣላት የመጀመሪያው እንግዳ እርስዎ ነዎት።"

ሙሽራዋ እስኪያልባት ሳቀች። ሰውየውም ኋላ ላይ መሳቁ አልቀረም።

እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ የስለት ልጅ የሆነችው። እሷ ራሷ ስለት የሚባል ነገር ሲነሳ ፊቷን ታጨማድዳለች። እናቷ ሐጃ ናዕሳ ግን የሚያስቡት ሌላ ነገር አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንደራችን መርዙቅ ከወንዙ ማዶ፣ ከሸንኮራ አገዳው ጀርባ፣ የጥንት ሰዎች የተቀበሩበት ጉብታ ሥር ናት። በጉብታው ላይ እስከ ወገቧ ከአሸዋ የወጣች ጥቁር የድንጋይ እመቤት ነበረች ይላሉ። እኔ አላየኋትም፤ ወንድ ወደዚያ አይሄድም ነበር። ልጅ የዘገየባቸው ሴቶች ዓርብ ቀን፣ ወንዱ ሁሉ መስጊድ በገባበት ሰዓት ይወጡና ሰባት ጊዜ ይዞሯታል። አንድ ሕግ ነበረው፤ ያየሽውን ለማንም አትናገሪም። ከተናገርሽ የተሰጠሽ ይወሰዳል።

ሐጃ ናዕሳ አብደልራዲን አግብተው ብዙ ዓመት ልጅ አልያዙም። አማታቸው ለልጃቸው ሁለተኛ ሚስት ማጨት ጀምረው ነበር። እሳቸውም አንድ ዓርብ ወጡና ዞሩ፤ ዞረውም ተሳሉ። "ልጅ ካገኘሁ እጁን ይዤ መጥቼ ሰባት ጊዜ እዞርሻለሁ፤ ባቄላ አብቅዬ፣ ቀቅዬ ለአላፊ አግዳሚው አበላለሁ" አሉ። ፀነሱም። ሆዳቸው ገፍቶ ሳለ ግን መንግሥት መኪና ይዞ መጣና ጉብታውን ቆፍሮ፣ ያገኘውን ድንጋይ ሁሉ ጭኖ ወደ ካይሮ ሄደ። ስለቱ እንዲሁ በአየር ላይ ቀረ።

የተወለደችው ደግሞ ሴት ሆነች። እኛ ዘንድ ወንድ ልጅ ስም አስጠሪ ነው፤ ሴት የሌላ ቤት ናት ይባላል። መንደሩ ምን ይበል? "ናዕሳ ሰባት ጊዜ ዞራ ግማሽ ልጅ አመጣች" አለ። ሌላ ልጅም አልተከተለም። ሰው በመጀመሪያ ወንድ ልጁ ስም ነውና የሚጠራው፣ አብደልራዲን ሊያበሽቁት "አቡ ኢንሺራህ" ይሉት ጀመር፤ የኢንሺራህ አባት እንደ ማለት። እሱ ግን ምን የመሰለ ሰው ነበር! "አቤት!" ይላል፣ ከሩቅም ቢሆን። አገዳ ቆርጦ፣ በጀልባ እያሻገረ አስተማራት። የጥንቱን ጽሑፍ ማንበብ ተምራ ስትመረቅ ግማሽ ልጅ ያሏት ሁሉ ሻይ ሊጠጡ መጡ። እሱም አጠጣቸው።

አብደልራዲ ሞተ፣ ኢንሺራህ ሉክሶር ስትሠራ ኖረች፣ ስለቱ ግን ከቤቱ አልወጣም። በሬ ሲሞት "ስለቱ ነው" ይላሉ ሐጃ። ጣራ ሲያፈስ "ስለቱ ነው"። የኢንሺራህ እጮኛ ኩዌት ሄዶ ሲቀር "ስለቱ ነው"።

"እማ፣ እሱ እንኳ ስለቱ ሳይሆን ዱርዬ ስለሆነ ነው" ትላለች ኢንሺራህ።

"ዱርዬውን ማን ላከብን ታዲያ?"

አንድ ቀን እኔው ራሴ፣ "እማማ ሐጃ፣ መካ ሄደው ካዕባን ዞረው የለ? ይሄ የድንጋይ ነገር ምን ያደርግልዎታል?" አልኳቸው።

"እዚያ የዞርኩት ለፈጣሪ ነው። እዚህ የሰጠሁት ቃል ነው" አሉኝ። "ቃሏን በልታ ሞተች ልታስብለኝ ነው? ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ የወጣውን እኔ ነኝ ሄጄ የምሰበስበው።"

ያለፈው ዓመት ጸደይ ላይ እንግዲህ ዓመታት ሲገነባ የኖረው ትንሹ የጊርጋ ሙዚየም ተከፈተ። ከጉብታችን የተወሰዱት ድንጋዮችም ከካይሮ መጋዘን ወጥተው ተመለሱ። ኢንሺራህም ሉክሶርን ትታ ወደ አገሯ ገባች። በክረምቱ ሐጃን ሳል ያዛቸው፤ ትንፋሻቸው እያጠረ ሄደ። አንድ ጠዋት ልጃቸውን አስቀምጠው፣ "እኔ የሚቀጥለውን ክረምት አላየውም። ስለቴን ሳልከፍል ከሄድኩ አባትሽን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?" አሏት። ኢንሺራህ በስለት አታምንም፤ በእናቷ ግን ታምናለች። ተነስታ የሙዚየሙን ኃላፊ ዶክተር ዋጊህን ለመነች።

ዶክተር ዋጊህ ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈሪ ነው። "የግል ጉብኝት ከሆነ ከመዝጊያ በኋላ ይምጡ" አላት። "መዞር የሚባል ነገር ግን አልሰማሁም፣ አላየሁምም።"

እናትየው ያዩትን መናገር ስለማይችሉ፣ የቷ ሐውልት እንደሆነች የገመተችው ኢንሺራህ ናት። መገመቱም አላስቸገራትም። ከጉብታችን የወጡት ትልልቅ ሐውልቶች ሁለት ናቸው፤ አንዷ የአንበሳ ራስ ያላት ቁጡ አምላክ፣ ሌላው ደግሞ ነኽት የሚባል የጎተራ ሹም። ሴቶች ወደ ጎተራ ሹም ሄደው ልጅ ይለምናሉ ብሎ ማን ይጠረጥራል? አንበሳዪቱ ደግሞ በአዳራሹ መካከል ብቻዋን ነው የቆመችው፤ ለመዞር የምትመች።

ሐጃን ከጀልባው ተቀብዬ ሚኒባስ ላይ አወጣኋቸው። አዲስ ጥቁር ልብስ ለብሰዋል፤ ባቄላ የሞላ ድስት አቅፈዋል።

"እማማ፣ ድስቱን ከኋላ ላስቀምጥልዎ?"

"አንተ ከኋላ ተቀመጥ፤ ድስቱ ከጭኔ አይወርድም።"

"እኔ ከኋላ ከተቀመጥኩ ማን ይነዳል?"

"እስከ ዛሬስ አንተ ነህ የምትነዳው? መንገዱ ነው የሚነዳህ!"

ሙዚየሙ በር ላይ ኢንሺራህ መታወቂያዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቆማለች። ለካይሮ ሀብታምም፣ ለውጭ አገር ፕሮፌሰርም እንደምታደርገው ጎንበስ ብላ፣ "እንኳን ወደ ሙዚየማችን በደህና መጡ" አለች። ሐጃ ደነገጡ። ልጃቸውን ሥራ ላይ አይተዋት አያውቁም ነበር። ድስቱን ለእኔ አስይዘው መጎናጸፊያቸውን አስተካከሉና "እንኳን በደህና ቆየሽ" አሉ፤ እንደ እንግዳ።

"ዘበኛው ቢያንቀላፋ የትኛውን ሰርቀሽ ትወጫለሽ እማ?"

"እኔ? እኔ ምን እሰርቃለሁ! የተሰረቅሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?"

"ማን ሰረቀሽ?"

"ይኸው ቆሞ የለም!" አሉ በምርኩዛቸው ወደ ዶክተር ዋጊህ እየጠቆሙ። ዶክተሩ ያኔ ገና አልተወለደም ነበር፤ ቢሆንም አንገቱን ደፋ።

ኢንሺራህ አንበሳዪቱ ፊት ወሰደቻቸው። ሐጃ ዓይናቸው ደክሟል፤ ቀረብ ብለው፣ ፈዘዝ አድርገው ወደ ላይ አዩ።

"ይህቺ ድመት ደግሞ ማን ናት?"

"አንበሳ ናት እማ። ያንቺ እመቤት..."

"የኔ እመቤት? አንበሳን ልጅ ስጪኝ ብዬ ልለምናት? ትበላዋለች እንጂ ትሰጠኛለች?"

ኢንሺራህ ወደ ማብራሪያው ሰሌዳ ዞረች። ሐጃ ግን አልጠበቋትም። ምርኩዛቸውን እያንኳኩ ብቻቸውን አዳራሹን አቋርጠው ሄዱ። መስኮቱ አጠገብ ባለው ጥግ፣ ግድግዳ ተደግፎ ሊባል በሚችል ቦታ ላይ የጎተራው ሹም ተቀምጧል። ፊቱ ጢም አልባ ነው፤ ፀጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል፤ ደረቱ ሞልቶ፣ ሆዱ ተጣጥፎ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ ዘርግቷል። ሐጃ ፊቱ ቆሙ። ዓይናቸው ከላይ ወደ ታች ወረደ፤ ከወገቡ በታች ሲደርሱ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

"የኔ እመቤት! ለካ እግርም ነበረሽ!"

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ኢንሺራህ ግን አልሳቀችም። ዶክተሩ ወደ እሷ፣ እሷም ወደ ዶክተሩ አየች።

"እማ፣ እርግጠኛ ነሽ? ይሄ እኮ..."

"ስንት ዓመት በሕልሜ የማያትን ልስታት? ፊቷ ቆሜ ስናገር ሕጉ አይከለክለኝም፤ ይቺውና ቁስሏ።" በግራ ጡቱ ሥር ያለውን ጥልቅ ጭረት አሳዩ። ኢንሺራህ ለእንግዶቿ ሁሉ የማረሻ ጭረት ነው ስትል ቆይታለች። "በቁልፍ ስንፍቀው ነው እንዲህ የሆነው። ዱቄቱን በውሃ በጥብጠን እንጠጣው ነበር።"

ዶክተር ዋጊህ ዘለለ። "ጠጡት? እማማ፣ ይሄ እኮ የመንግሥት ቅርስ ነው! የመንግሥት ቅርስ ነው የጠጡት!"

"አዎ ጠጣሁት። ለመንግሥትም መልሼለታለሁ" አሉና ወደ ልጃቸው ጠቆሙ። "ይቻት፣ እዚሁ ነው የምትሠራው። ከጠጣሁት አታንስም መቼም።"

እኔ ያን ቀን ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በሳቅ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

"አሁን ስሟን ንገሪኝ" አሉ ሐጃ ድምፃቸው ለስልሶ። "ዕድሜ ልኬን 'እመቤቴ' ብቻ ነው የምላት። አንቺ ጽሑፋቸውን ታነቢያለሽ። ስሟን ጠርቼ ነው ስለቴን የምከፍለው።"

ከሐጃ ኋላ ሆኜ ለኢንሺራህ ዓይኔን ጠቀስኳት፣ አንገቴን ነቀነቅሁላት፤ 'አንድ የሴት ስም በይ፣ ማንንም አይጎዳም' ማለቴ ነው። ዶክተሩ እንኳ ጣራውን ማየት ጀመረ፤ ለመስማት ያልፈለገ መስሎ። እሷ ግን እናቷን ወንበር አስመጥታ አስቀመጠቻቸውና አጠገባቸው ተንበረከከች።

"እማ፣ ወንድ ነው።"

ሐጃ ድስቱን ከእጄ ወስደው አቀፉ።

"ወንድ?"

"ወንድ። ነኽት ይባላል። የጎተራ ሹም ነበረ፤ የአገሩን እህል የሚያሰፍር።"

"ጡቱስ?"

"ጠግቦ አደር ስለሆነ ነው። ያኔ ሰው ሲከብር እንዲህ አድርገው ነበር የሚቀርጹት። እናንተ ደግሞ ከወገቡ በላይ ብቻ ነው ያያችሁት።"

የሐጃ ፊት ሲጨልም አየሁ። በዚያች ደቂቃ ኢንሺራህን ብመታት ደስ ባለኝ። አሮጊቲቱ ከድስታቸው ጋር ተቃቅፈው ትንሽ ሆኑብኝ። "ታዲያ እመቤት የምትባል አልነበረችም? ያን ዓርብ የለመንኩት ማንን ነው? አሁንስ ለማን ነው የምከፍለው?" አሉ።

"የሰማሽማ ያው ሁሌም የሚሰማው ፈጣሪ ነው" አለች ኢንሺራህ። "ይሄ ሰውዬ ግን ነበረ። ከሰው ሁሉ ተደብቀሽ ስታለቅሺ ያየሽ እሱ ብቻ ነው። ቃልሽን ስትሰጪ የቆመ ምስክር ነው። አንዲት የሴት ስም ፈጥሬ ብነግርሽ ደስ ብሎሽ ትሄጃለሽ፤ ስለቱ ግን እዚሁ እንዳልተከፈለ ይቀራል። ይህን ያህል ጠብቀሽ ለሌለች ሴት እንድትከፍይ አልፈልግም።"

ሐጃ ሰውየውን አዩት፣ ጡቱን አዩት፣ ሆዱን አዩት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማልቀሳቸው መስሎኝ ስቀርብ ለካ እየሳቁ ነው።

"አብደልራዲ ይህን ሳይሰማ መሞቱ በጀኝ! መጎናጸፊያዬን ጥዬ፣ ፀጉሬን ፈትቼ ወንድ ስዞር ነበር እኮ!" ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ በረደና ድስቱን አስቀምጠው ምርኩዛቸውን ያዙ። "በሉ አንሱኝ። ቃል የሰጠሁት ለእሱ ከሆነ ለእሱ ነው የምከፍለው። እጅሽን አምጪ።"

እዚህ ላይ ነው ችግሩ የመጣው። ሐውልቱ ከግድግዳው የራቀው በክንድ ያህል ብቻ ነው። ሐጃ እንደ ሸንበቆ ቀጭን ናቸው፤ ያልፋሉ። ስለቱ ግን ልጄን እጇን ይዤ ነው የሚለው፤ ልጅቷ ደግሞ ቅድም እንዳልኳችሁ ናት።

"ትንሽ ቢገፋስ?" አልኩ።

"ካይሮ ሳያውቅ?" አለ ዶክተሩ። "ኮሚቴ ይመጣል፣ ይለካል፣ ይፈረማል። ከፊት ለፊቱ ወዲያና ወዲህ ቢመላለሱስ እማማ?"

"ግማሽ ዙር ዙር ነው እንዴ? ግማሽ ልጅ ብለው ስቀውብኛል፤ ስለቴን ደግሞ በግማሽ አልከፍልም!"

ኢንሺራህ ቦርሳዋን ለእኔ ሰጠች፣ ካፖርቷን አወለቀች፣ መታወቂያዋን ከአንገቷ አወጣች። ጀርባዋን ለግድግዳው፣ ፊቷን ለድንጋዩ ሰጥታ፣ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ በጎን ገባች። እናቷ ከፊት እጇን ይዘው ይስባሉ።

"አትንኪው! ወይዘሪት ኢንሺራህ፣ በፈጠረሽ አትንኪው!" ይላል ዶክተሩ።

"እሱ ነው የሚነካኝ!" አለች ከውስጥ በታፈነ ድምፅ።

መካከል ላይ ስትደርስ ቆመች። ሐጃ ሳቡ፤ አልተነቃነቀችም።

"ምነው? ተጣበቅሽ?"

"ቆይ እማ።"

"ሃራጊ! ና ግፋት!"

"ቆዩ አልኩ!"

ድምፅዋ ሌላ ሆነብኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘቅዝቃ በመስኮቱ በኩል፣ በግድግዳውና በድንጋዩ መካከል በቀጭኑ ገብታለች። አፍንጫዋ የሐውልቱን ጀርባ ሊነካ ምንም አልቀረው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

"ዶክተር፣ በእናንተ መዝገብ ጀርባው ምን ይላል?"

"ምንም አይልም። ተፍቋል፣ አይነበብም ነው የተባለው።"

"ከፊት በመብራት ሲታይ ይሆናል። ፀሐይ በጎን ስትመጣ ግን ይነበባል።" ከዚያ ቀስ እያለች አነበበች። "'ስሙን ሕያው ያደረገችለት ልጁ ሰነብቲሲ ናት' ይላል።"

ዶክተሩ ወደፊት ተራመደ። "ልጁ? ሁልጊዜ ወንድ ልጁ ነው የሚጻፈው እኮ። አባቱን በድንጋይ የሚያስጠራው ወንዱ ነው።"

"አውቃለሁ። ይሄኛው ግን ሴት ልጁ ይላል። ሐውልቱን ያሠራችለት እሷ ናት።"

ሐጃ የልጃቸውን እጅ እንደያዙ በሐውልቱ ጎን ቆመዋል።

"ሴት ነው ያልሽው?"

"ሴት ነው እማ።"

"ድገሚልኝ። ዶክተሩም ይስማ፣ ጮክ በዪ።"

ኢንሺራህ ጮክ ብላ ደገመችላቸው። ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ በሌላው ጎን ወጣች፤ የሸሚዟ ጀርባ የግድግዳው ኖራ ሆኗል፣ ጉንጯ በእንባ ርሷል። እናትና ልጅ ዙሩን ቀጠሉ። በየዙሩ ኢንሺራህ ያቺ ቦታ ስትደርስ ትቆማለች፣ ሐጃም ሳይነገራቸው ይቆማሉ፣ ጽሑፉ ይነበባል። ሐጃ በሦስተኛው ደከሙ፣ እኔ በአንድ ጎን ደገፍኳቸው፤ በአምስተኛው ዶክተር ዋጊህ ምርኩዛቸውን ተቀብሎ ክንዱን ሰጣቸው። ያ አልሰማሁም፣ አላየሁም ያለው ሰው!

ሰባተኛው ሲያልቅ ሐጃ ፊት ለፊቱ ቆሙ። የልጃቸውን እጅ ከፍ አድርገው ለሰውየው አሳዩት።

"ይኸው ዘገየሁ እንጂ አልቀረሁም። አመጣኋት። ሴት ናት፤ እንዳንተዋ።"

ከዚያ ወጥተን የሙዚየሙ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። ባቄላውን እኛው ብንቀምሰው ደስ ባለን፣ ሐጃ ግን "መጀመሪያ ለአላፊ አግዳሚ" ብለው ድስቱን ለኢንሺራህ ሰጧት። ገበያተኛው ከወንዙ እየተመለሰ ነበር። ኢንሺራህ ኖራ የለበሰ ሸሚዟን እንኳ ሳታራግፍ፣ ያ ወንዝ የሚሻገር ድምፅዋ ዘግቶ፣ ለእያንዳንዱ በእፍኝ በእፍኝ ታድል ጀመር። ዶክተር ዋጊህም ተሰለፈና እጁን ዘረጋ።

አገዳ በአህያ የጫነ አንድ ሽማግሌ ቆሞ ባቄላውን ተቀበለ። እኛ ዘንድ የበቀለ ባቄላ የሚታደለው ልጅ ሲወለድ ነው፤ ሰው የሚጠይቀውም ያው የታወቀ ነው።

"ኧረ ማን ነው የወለደው? እንኳን ደስ ያላችሁ!" ብሎ ሐጃን ጠየቃቸው። "ወንድ ነው ሴት?"

በየመንደሩ፣ በየደጁ፣ ከዓመት ዓመት በዚህ ጥያቄ ሲወጉ የኖሩት ሴት ከደረጃው ላይ ቀና አሉ።

"ሴት!" አሉ፣ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ። "ሴት ናት፣ አልሐምዱሊላህ! ያቻትና፣ ባቄላውን የሰጠችህ!"